በጀልባዋ ግራ ጎን የወተፍኩት ጥጥ

ጀልባዋን መጀመሪያ ሳያት ውሃ አጠገቧ አልነበረም። አሜሪካ፣ ታከር የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከልጄ ቤት ፊት ለፊት፣ የአንድ ጡረተኛ ጎረቤት ግቢ ላይ በሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልላ፣ በእንጨት ተደግፋ ቆማ ነበር። እኔ የተበላሸ መኪና ይመስለኝ ነበር። እዚህ አገር ሰው የማይነዳውን መኪና ይሸፍናል፣ የሚነዳውን ፀሐይ ላይ ይተወዋል።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ያንን ላስቲክ በሳሎኑ መስኮት እያየ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ተቀመጠ። የትራክ ሾፌር ነበር። አንድ ዝናባማ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ትራኩ አልቆም ብሎት ከመንገድ ወጣና በጎኑ ተጋደመ። ሌላ ሰው አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። እሱም የተሰበረው ትከሻው ብቻ ነበር። ትከሻው ዳነ፤ እጁ ግን ከዚያ ወዲያ መኪና አልነዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ይወጣና የልጄን መኪና ከፍቶ ይቀመጣል፤ መሪውን ይይዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ይወርድና ሳሎን ይገባል። እኔም ምንም እንዳላየ ሰው ሽንኩርቴን እከትፋለሁ።

ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሺፍት ትደርባለች። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና፦

«እማዬ፣ ሰውዬው እየሄደብኝ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«የትም። ሶፋ ላይ ተቀምጦ እየሄደብኝ ነው።»

በኛ በወሎ አማትና አማች አይቀላለዱም። አማች አማቱ ፊት ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ቢርበው ጠግቤያለሁ ይላል፤ ብትበድለው እንኳ ደግ አደረጉ ይላል። ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር በእኔና በእሱ መሃል የነበረው ወሬ «እንዴት አደሩ» እና «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። እንግዲህ እኔ ምን ብዬ ልመልሰው?

ብቻ አንድ ቅዳሜ ከሶፋው ተነሳ፤ መንገዱን ተሻግሮ የላስቲኩን ጫፍ ገለጠ። ሽማግሌው ጎረቤት በከዘራው እየተደገፈ ወጣ። ሁለቱ እስከ ምሳ ሰዓት ቆመው አወሩ። ጀልባዋ ከእንጨት የተሠራች፣ ሸራ ያላት፣ የድሮ ጀልባ ነች። ሽማግሌው ሌላ ከተማ ልጁ ጋ ሊኖር መሄዱ ነው፤ የምትጠግናት ከሆነ ውሰዳት አለው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት የኛን ግቢ ብታዩ ኖሮ! ሁለቱ ሰዎች ወንበር ላይ ወንበር ደርበው፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አስረው፣ የአልጋ አንሶላ ሰቅለው፣ ንፋስ ከወዲህ ሲመጣ እንዲህ፣ ከወዲያ ሲመጣ እንዲያ እያሉ ይማማራሉ። አማቼ ሐይቅ ዳር ነው ያደገው፤ ልጅ ሆኖ በደንገል ታንኳ ቀዝፏል። ሸራ ግን አያውቅም።

«ጀልባ ይዘህ ከታከር የት ልትሄድ ነው?» አለችው ልጄ።

«ባሕር።»

«ባሕሩ አምስት ሰዓት መንገድ ነው! ማን ሊነዳልህ?»

እሱ ወደ ልጄ መኪና ዞረ። እሷም፣ «እኔ ነኛ የምነዳው፤ ሌላ ማን አለ» አለች። ወጥ ቤት ስትገባ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ባሕር ልሂድ አለኝ እኮ እማዬ። ከአደጋው ወዲህ ልሂድ ሲል ይኼ የመጀመሪያው ነው። አብረሽው ሂጂልኝ። ይኼ ነገር ከተበላሸበት ሁለተኛ አይነሳም።»

እኔ ሥራዬ መዞር ነው። ከተወለድኩበት ቀዬ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅዳ፣ ከጅዳ ወዲህ። አንድ ቦታ ሲበዛብኝ እግሬን ያሳክከኛል። እሺ ለማለት አልተለመንኩም።

እንጨት የሚያውቅ ሰው ያለው ባሕሩ ዳር ነው ተብሎ ጀልባዋ በጭነት መኪና ተጭና ቀድማን ሄደች። እኛ በልጄ መኪና ተከተልን፤ እሷ መሪ ላይ፣ እሱ ጎኗ፣ እኔ ከኋላ። የመኪና ቀበቶ አልወድም፤ አንገቴ ላይ ይመጣብኛል። ደወሉ እንዳይጮህ እቆልፈዋለሁ፣ ግን ከጀርባዬ አሳልፌ ነው። አማቼ ዞር ብሎ አየኝ፤ ቀበቶውን አየ፤ መልሶ ዞረ።

የጀልባው ጋራዥ ረግረግ መሃል፣ ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል ነው ያለው። ጭቃ፣ ቀለምና ዓሣ አንድ ላይ ይሸታል። ባለቤቲቱ በእኔ ዕድሜ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ የወንድ ሱሪ ትለብሳለች፣ ጉልበቷን ያማታል። አባቷ የዓሣ ጀልባ ይሠሩ ነበር አሉ። ጀልባዋን ዞራ ዞራ አየቻትና ጥፍሯን በሁለት ሳንቃ መሃል ከተተች፤ ጥፍሩ ገባ። በሌላው በኩል ብርሃን ይታያል። ያን ሁሉ ዓመት ደረቅ መሬት ላይ ቆማ እንጨቱ ኮስሶ፣ ሳንቃ ከሳንቃ ተራርቋል። ባለጋራዧ እንደ ሐኪም ተነፈሰችና ከመጋዘኗ አንድ ከረጢት አምጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

ጥጥ ነው። ንጹሕ ነጭ ጥጥ፣ እንደ ባዘቶ የተጠቀለለ።

«ምን ልትሠራበት ነው?» አልኩት አማቼን።

«ጀልባው የሚወተፈው በዚህ ነው ትላለች እማማ። በሳንቃዎቹ መሃል።»

ሳቄ መጣ። ትምህርት ቤት በደጁ አላለፍኩም፤ ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነው። ጥጥ ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በጣቴ አልፏል። ይኸው ዓለምን ዞሬ ዞሬ የማውቀው ነገር ባሕር ዳር ቆሞ ጠበቀኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌው ጥጥ በቆልማማ ብረት ይወጣል። አዲሱ በእጅ ይገመዳል። ከዚያ ጫፉ እንደ መሮ በተጠፈጠፈ ብረት እየተገፋ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እየተመታ፣ በሳንቃዎቹ መሃል ይገባል። በላዩ ማጣበቂያ ይለጠፋል፤ በማጣበቂያው ላይ ቀለም። እኔ የከረጢቱ ጥጥ ላላ አለብኝና ጭኔ ላይ እያሾርኩ አጠበቅኩት። ባለጋራዧ ፈትሌን በሁለት ጣቷ ይዛ ብርሃን ላይ አየችው፤ ብዙ ቆየች።

«አያቷ ጥጥ ለቃሚ ነበሩ ትላለች» አለ አማቼ። «ሲፈተል ግን አይታ አታውቅም።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቋንቋ የለንም። እኔ እገምዳለሁ፣ እሷ ታያለች። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየን፤ ከብዙ ወሬ ይሻል ነበር።

ጀልባዋን ተካፈልናት። ቀኙን ጎን አማቼ ያዘ፤ ግራውን እኔ። ልጄ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ በየሁለት ሳምንቱ ኦፍ ስትሆን ትመጣለች። እኔ የምተኛው እዚያችው ድጋፍ ላይ የቆመች ጀልባ ውስጥ ነው፣ በመሰላል እየወጣሁ። አማቼ ከአማት ጋር አንድ ጓዳ ማደር ነውር ነው ብሎ መጋዘኑ ውስጥ ተኛ። ቀን ሙሉ ከወዲያና ከወዲህ ሆነን፣ ጀልባዋ በመሃላችን ቆማ፣ እንደ ሁለት ግንደ ቆርቁር ስንቀጠቅጥ እንውላለን።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው፤ ጠላቱ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳ አይቅር። ጉርሻም ሲያንስ ያጣላል። አንዱን ገመድ ከትቼ በላዩ ሌላ እደግማለሁ። መዶሻውን አነሳለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አወርዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለጋራዧ መጥታ ግራውን ጎን በጣቷ አንኳኳች። ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ አማቼ ዞራ ረጅም ነገር ተናገረች፣ በሁለት እጇ ጠበቅ፣ ከዚያ ገለል እያደረገች እያሳየች። አማቼ መሬት መሬት ያያል።

«ምን አለች?» አልኩ።

«እ… ጥሩ ነው ትላለች። እጅዎን አድንቃለች።»

«ይኼን ሁሉ አውርታ ጥሩ ነው ብቻ?»

«እንግሊዝኛ ረጅም ነው እማማ።»

እንግሊዝኛ ረጅም ከሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ደስ አለኝ፤ መዶሻውን ከቀድሞው አበረታሁት። በማግስቱም መጣች፣ በማግስቱም ተናገረች፤ እሱም «ይቀጥሉ ትላለች» አለኝ። ከዚያ ጉልበቷን ልትታከም ሄዳ ሳምንት ጠፋች። ስትመለስ እኔ በጥጡ ላይ ማጣበቂያውን ለጥፌ፣ ቀለሙን ቀብቼ ጨርሻለሁ። አማቼን ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ አዎ አላት። ወደ እኔ አይታ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ሰኔ ሲገባ ጀልባዋን በሰፊ ቀበቶ አቅፈው፣ በክሬን አንስተው ውሃ ላይ አወረዷት። ወዲያው ውሃ ገባ! ከየመጋጠሚያው ይንጠባጠባል፤ አማቼ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ልጮህ ስል ባለጋራዧ ወንበር አምጥታ ቁጭ አለች፤ ጠርሙስ ወደ አፍ እንደ መገልበጥ አድርጋ አሳየችኝ። እየጠጣች ነው ማለቷ ነው። ክሬኑ እንዳቀፋት ሁለት ቀን ቆየች። ሳንቃው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ራሱ ራሱን ይዘጋል። በሦስተኛው ቀን ውስጧ ደረቀ።

«ሐይቅ ላይ» አለ አማቼ፣ «ታንኳ ውሃ ከጠጣ አለቀለት፤ አውጥተን ፀሐይ ላይ ነበር የምናደርቀው። ይቺ ካልጠጣች ነው የምትሞተው።» ይኼን ሲል ሳቀ። ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ሁለተኛ ሰው ሳይኖር እንዳይወጣ ባለጋራዧ ከልክላ ነበር። ሁለተኛዋ ሰው እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ እሷው ራሷ አብራን ወጥታ አየችን፤ ከዚያ በአምስተኛው ቀን የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ደቡብ ሄድን። እዚያ ዳርቻው ላይ ደሴቶች ተደርድረዋል፤ ጀልባ በደሴቶቹና በየብሱ መሃል ነው የሚሄደው። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጭቃው ጥቁር ሆኖ ይወጣና አእዋፍ ይለቅሙበታል። ትንኞቹ ጨርቅ አልፈው ይነክሳሉ። አንድ ትልቅ ግራጫ ዓሣ ከጎናችን ብቅ ብሎ እንደ ሰው ተነፈሰብኝና ጮህኩ፤ አማቼ ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

መሪው አንድ ዘንግ እንጨት ነው። መጀመሪያ ቀን በሁለት እጁ አንቆ ነበር የያዘው፤ እኔ ወደ ሣሩ አይ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አንድ እጁ ዘንጉ ላይ ሆኖ በሌላው ዳቦ ሲበላ አየሁት። ማሻአላህ አልኩ በልቤ።

የዚያን ቀን ከሰዓት፣ አሱር ላይ፣ መልሕቅ ጥለን ፊቴን ወደ ቂብላ አዙሬ ሰላት ቆምኩ። ስጨርስ ፀሐይዋ ከነበረችበት ሌላ ቦታ ናት።

«ልጄ፣ ዞረናል እንዴ?»

«ትንሽ፣ እማማ። ውሃው ሲገለበጥ መልሕቁ ላይ ትዞራለች።»

«ስጀምር ጀምራ ነበር መዞር?»

«ትንሽ።»

«ታዲያ ከመጀመሬ በፊት ቂብላው ወዲህ ነው አትለኝም?»

ገመድ ማስተካከል ጀመረ። እኔም ተውኩት፤ አላህ ልብ ያያል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ሰፊ ቦታ ስንሻገር ንፋሱ ከውሃው ጋር ተጋጨ። ጀልባዋ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። እኔ ድንች ላመጣ ጓዳ ወረድኩ። ነጠላ ጫማዬ ወደ እኔ እየተንሳፈፈ መጣ።

ከግራው ጎን፣ ከአንድ ሳንቃ ሥር፣ ውሃው እንደ ቧንቧ ይገባል። ከመጋጠሚያው ወደ ውስጥ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ያዝኩት። የሌላ ሰው ፈትል ቢመስለኝ በወደድኩ፤ ግን ሴት የእጇን ክር ታውቃለች።

«ልጄ! ውሃ! ጥጡ ወጥቷል፣ የኔ ጥጥ ነው!»

ጎንበስ ብሎ በበሩ አየ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

ቀና ብሎ ሸራውን አየ፣ ውሃውን አየ። ከዚያ ስድስት ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከዚያ ሰው ወጣ።

«እማማ፣ ከግራው ይነሱ! ወደ ቀኝ! አይደለም፣ ድንቹን ይተዉት! ፓምፑን ይያዙ፣ አይልቀቁት!»

ድንቹን ጣልኩ። ዘንጉን ገፋ፤ ሸራው ጧ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ንፋሱ ከግራ ሲመታት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተጋደመች፤ የቆሰለው ግራ ጎኗ ከውሃው ብቅ አለ። የሚገባው ውሃ ቀነሰ። እኔ የፓምፑን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች እላለሁ፣ የያሲንን ሱራ በቃሌ እቀራለሁ፣ ይጠፋብኛል፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እሱ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሣሩ መሃል ወዳለች ጠባብ ወንዝ አስገባት። ውሃው እየጎደለ ነበር። ጀልባዋ ጭቃው ላይ ቀስ ብላ እንደ ላም ተኛች።

ጭቃው ብቻ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

ለባለጋራዧ ደወለላት። ውሃው እስኪሞላ ስድስት ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ እመጣለሁ አለች። ስልኩን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ አለቀ፣ ተመለሰ ወደ ሶፋው ብዬ ፈራሁ።

«ያን ቀን» አለ፣ «ባለጋራዧ ጥሩ ነው አላለችም።»

«ምን አለች ታዲያ?»

«የእናትህ እጅ መልካም ነው፤ ግን ጥጡን እንደ ጠላት ነው የምትመታው አለች። እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ይፈልጋል፤ ቦታ ካጣ ሳንቃውን ከተቸነከረበት አጥንት ነቅሎ ይገፋዋል አለች። አስወጣው አለችኝ። አወጣህ ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት።»

«ለምን?»

«አማቴ የሠሩትን ያፍርሱ እንዴት እላለሁ? በሌሊት ላወጣው አስቤ ነበር። እርስዎ ደግሞ የሚተኙት እዚያው ውስጥ።»

ገና አልጨረሰም። ጭቃውን እያየ ቀጠለ።

«ትራኩም እንዲሁ ነው እማማ። ፍሬኑ ይለሰልስ ነበር። ሦስት ሳምንት አውቄ ነድቼዋለሁ። ባለቤቱ እንደ አባቴ ናቸው፤ እዚህ አገር ስመጣ ቤታቸው ነው ያረፍኩት። መኪናዎ ታሟል እንዴት ልበላቸው? አንድ ቀን ጨክኜ ልነግራቸው ቤታቸው ኖርክሮስ ድረስ ሄድኩ። ምሳ አቀረቡልኝ። በላሁ፣ አመሰገንኩ፣ ተመለስኩ። ሰው ብገድልስ ኖሮ?»

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያስቀመጠው ይኼ ኖሯል። እኛ ፍርሃት ነው ብለን ነበር። እጁ መኪና ፈርቶ አልነበረም፤ አፉን ነበር የማያምነው።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንት ቤት እንዳቆመ አውቃለሁ። ስንቱን እንዳሰመጠ ግን ያን ቀን ጭቃ ላይ ተቀምጬ ነው ያሰብኩት።

«እኔን ከማስቀየም ሁለታችንም ብንሰጥም ይሻላል ብለህ ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳቅም ለቅሶም የሆነ ነገር መጣበት።

«ሌላስ ያልነገርከኝ ምን አለ?» አልኩ።

«ይቅር እማማ።»

«ተናገር! ስድስት ሰዓት አለን።»

«ሽሮው…»

«ምን ሆነ ሽሮው?»

«ጨው ይበዛበታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጡ ጀምሮ።»

«ስድስት ዓመት! ልጄም ታውቃለች?»

«እሷ ናት አትንገራቸው ያለችኝ።»

በስመአብ እንዳልል እስላም ነኝ፤ ግን ሌላ ምን ይባላል! ተናድጄ ጀመርኩና ሳቄ አመለጠኝ። ሁለታችንም እዚያ በተጋደመች ጀልባ ላይ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተን እንስቃለን፤ አእዋፉ ጭቃ መልቀም ትተው አዩን።

ከዚያ ወርዶ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመ። የድሮ ሻርፔን አጥፌ ማጣበቂያ ቀባሁለት፤ ክፍቱ ላይ ለጥፎ በላዩ ስስ እንጨት ቸነከረበት። «ወደ ላይ ይያዙልኝ። ኧረ ወደ ላይ። አሁን አይነቃነቁ» ይለኛል። እንደዚያ ሲያዘኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለማን ይነገራል? ውሃው ሲመለስ ልጥፉ ያዘ። ከቀትር በኋላ ባለጋራዧ በሞተር ጀልባ መጥታ ጎተተችን።

ጋራዡ ደርሰን ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ አማቼ ለባለጋራዧ ሁሉንም ተናዘዘላት። ሰምታ ሰምታ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች፤ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ሲበቃት ተነስታ ደግሞ ጣቷን አፍንጫው ሥር አድርጋ ተቆጣችው። እሱም ቆሞ ቁጣዋን ተቀበለ።

ግራውን ጎን ራሴ አፈረስኩት። በቆልማማው ብረት ስስበው ጥጡ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ አወይ ክንዴ፣ ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የመታሁት አልኩ። ሳንቃው በአዲስ ብሎን ታሠረ። ከዚያ እንደገና ጥጥ ጀመርኩ፤ ባለጋራዧ ከጎኔ፣ አማቼ በመሃላችን።

«ቀስ ትላለች።»

እሺ አልኩ።

«ይኼ ደግሞ ላላ ትላለች።»

እሺ።

«ሴትዮዋ ጆሮ የላትም ወይ፣ መዶሻው ሲደወል አትሰማም ወይ ትላለች።»

«እንዲህ አለች?»

«አለች።»

«ንገራት፣ እሷም ያን ያህል ከማውራት ብታሳየኝ ይሻላል በላት።»

ነገራት። መዶሻውን ከእጄ ቀምታ አሳየችኝ። ለካ ድምፅ አለው፤ ልክ ሲገባ ቀጭን ደወል ይሆናል፣ ሲበዛ ይታፈናል። ያን ሁሉ ቀን ታፍኖ ሲጮህብኝ እኔ ተመስገን ስል ነበር።

አንድ ቀን አማቼ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ያን ቀን የመጣሁት ለምሳ አልነበረም» ሲል። ከዚያ ብዙ አዳመጠ፤ የትራኩ ባለቤት ምን እንዳሉት አልጠየቅኩም። ተመልሶ መጥቶ ብረቱን አነሳና በቀኝ ጎን በኩል የላላ አለ ወይ ብሎ መፈለግ ጀመረ።

ጀልባዋ ዳግመኛ ውሃ ገባች፤ ጠጣች፤ በሦስተኛው ቀን ደረቀች። የሚቀጥለው ሳምንት እንመለሳለን ተባባልንና ለጥቂት ቀን ወደ ቤት ልትወስደን ልጄ መጣች። ከሺፍት ወጥታ ሳትተኛ ነው የነዳችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። ጀልባዋን አየች፣ ባሏን አየች፣ ፀሐይ ያከሰለውን ፊቴን አየች።

«ደርቃለች?» አለች።

«ደርቃለች» አልናት።

«በሉ እንሂድ፣ ሳይመሽ ልንዳ።»

«ቁልፉን አምጪ» አለ አማቼ።

«ምን?»

«ቁልፉን። ደክሞሻል፤ አንቺ አትነጂም።»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ሣሩ አላየሁም ዛሬ፤ እሱን ነበር የማየው።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«አይደለሁም። እንቅልፍ ያላየ ሰው ግን አይነዳኝም።»

ቁልፉን ሰጠችው። ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ መሪውን ያዘ። ትንሽ ቆየ። መውረጃው ሰዓት ነው አልኩ በልቤ። መስታወቱን አስተካከለና በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«እማማ።»

«አቤት።»

«ቀበቶውን ከጀርባዎ ያውጡና በፊት ለፊት ይሰሩት።»

ልጄ አፏን ከፍታ ዞረች።

«አንገቴን ያንቀኛል እኮ» አልኩ።

«እሱን ይታገሱታላ። ካላሰሩት አልነቃነቅም።»

ከጀርባዬ አወጣሁት። ደረቴ ላይ አሳልፌ ገፋሁት። ቀጭ ማለቱን ሰማ፤ ከዚያ መኪናውን አስነሳ።